ስለ ቫልፕሮኤት፣ ስለ ካርኒቲንና ስለ ጉበት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የልጆቻችንን ጉበት የሚጎዳው መድኃኒቱ ሳይሆን እጥረቱ ነው» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ሕፃናት ክፍል ነው። ሦስት ወላጆች በተለያየ ቀን ጽሑፉን ከፍተው አሳይተውኛል። ሁለቱ የካርኒቲን እንክብል ገዝተው ነበር፤ ሦስተኛዋ የልጇን መድኃኒት ራሱን አቁማለች። ይህን ምላሽ የምጽፈው በሦስተኛዋ እናት ምክንያት ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ቫልፕሮኤት ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ቫልፕሮይክ አሲድ ወይም ሶዲየም ቫልፕሮኤት ተብሎም ይታዘዛል። ጸሐፊው እንደሚሉት መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ጉበታቸው የሚታመመው ካርኒቲን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚያንሳቸው ነው፤ የሚያንሳቸው ደግሞ በአመጋገባቸው ጉድለት ነው። ካርኒቲን የወሰደ ሰው ጉበቱ እንደማይነካ በጥናት ተረጋግጧል ይላሉ። የጉበት ምርመራው ደህና የሆነ ሰው ሊሰጋ አይገባም፣ ካርኒቲን ተፈጥሯዊ ስለሆነ ማንም ቢወስደው አይጎዳውም ይሉና፣ ሐኪሙ ካርኒቲን ካላዘዘ ቫልፕሮኤቱን ራሱን መተው እንደሚሻል መክረው ይጨርሳሉ።

ጸሐፊው ከባዶ አልተነሡም። ቫልፕሮኤት ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል፣ የካርኒቲንን መጠን እንደሚቀንስ፣ ካርኒቲን በሕክምና ውስጥ ቦታ እንዳለው የጻፉት እውነት ነው። ይህን ደግሞ ብዙ ወላጅ ከሐኪሙ አፍ አልሰማም፤ መስማት ነበረበት። ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

ከአመጋገብ እንነሣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነውና። ጽሑፉን ያነበበች እናት «ልጄን በደንብ አልመገብኩትም ማለት ነው» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። አንዷ እንባዋን እየጠረገች ይህንኑ ጠይቃኛለች።

ካርኒቲን በሰውነታችን ውስጥ የተሸካሚ ሥራ ነው ያለው። በሴሎቻችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ የኃይል ማመንጫዎች አሉ። ረጃጅም የቅባት አሲዶች ወደ እነዚህ ማመንጫዎች በራሳቸው መግባት አይችሉም፤ ካርኒቲን ተሸክሞ ያስገባቸዋል። ውስጥ ተጠራቅሞ ሥራ የሚያውከውን የአሲድ ቅሪትም ይዞ ይወጣል። ከፊሉን ሰውነት ራሱ ላይሲንና ሜታዮኒን ከተባሉ አሚኖ አሲዶች በጉበትና በኩላሊት ይሠራዋል፤ የቀረውን በተለይ ከሥጋና ከወተት ያገኛል። ሥጋ የማይበላ ጤነኛ ሰው መጠኑ ዝቅ ሊልበት ይችላል፤ ግን ሰውነቱ እየሠራ ስለሚሸፍን በዚህ ብቻ ጉበቱ አይታመምም።

ታዲያ ቫልፕሮኤት የሚወስደው ልጅ ካርኒቲኑ የት ሄደ? መልሱ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ምን እንደነበር ሲታወቅ ይገኛል። ቫልፕሮይክ አሲድን በ1882 የሠራው ቤቨርሊ በርተን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። ከዚያ በኋላ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ሌሎች ነገሮችን ለማሟሟት ብቻ ሲያገለግል ቆየ። በ1962 በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ፒየር ኤይማር የተባለ ተመራማሪ ሊሞክራቸው ያሰባቸውን ውህዶች በዚሁ ፈሳሽ አሟሟቸው። ሁሉም መንቀጥቀጥን አስቆሙ። ኋላ ሲጣራ መድኃኒቱ ማሟሟያው ራሱ ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳይ በ1967፣ አሜሪካ በ1978 ፈቀደችው። ለማሟሟያ ያበቃው ተፈጥሮው ቅባት አሲድ መሆኑ ነው፤ ባለ ስምንት ካርበን፣ ቅርንጫፍ ያለው ቅባት አሲድ። ስለዚህ ጉበት እንደ ምግብ ቅባት ቆጥሮ ከፊሉን በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሊያቃጥለው ይሞክራል።

ካርኒቲኑ የሚሟጠጠው በዚህ ሂደት ነው፤ መንገዱም ከአንድ በላይ ነው። ቫልፕሮኤት ከካርኒቲን ጋር ተጣብቆ ቫልፕሮይልካርኒቲን ይሆንና በሽንት ይወጣል። በዚህ መልክ የሚወጣው ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ኩላሊት ካርኒቲንን ከሽንት መልሶ እንዳይወስድም ያደርጋል። ሰውነት ካርኒቲንን ሠርቶ የሚጨርስበትን የመጨረሻ ኢንዛይምም ያዳክማል። በ1982 የጃፓን ተመራማሪዎች ቫልፕሮኤት በሚወስዱ ልጆች ደም ውስጥ ካርኒቲን አንሶ፣ ፕሮቲን ሲፈርስ የሚወጣውና ሲበዛ አንጎልን የሚያደነዝዘው አሞኒያ ከፍ ማለቱን ባሳተሙ ጊዜ ጥያቄውን የከፈተላቸው የልጆቹ ምግብ ሳይሆን መድኃኒቱ ነበር። ጸሐፊው መድኃኒቱንና እጥረቱን እንደ ሁለት ተከሳሾች አቁመው አንዱን ነጻ አወጡ። እጥረቱ ግን የመድኃኒቱ ልጅ ነው። በምግብ የተጎዳ ልጅ፣ በቱቦ የሚመገብ ልጅ፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቀድሞም ያለው ካርኒቲን ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሟጠጥበታል፤ አመጋገብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ደህና የሚበላውን ልጅ እናት ግን አታስለቅሷት።

ሌላው ነገር፣ ካርኒቲን ማነስ ብቻውን የጉበቱን ጉዳት አያስረዳም። ቫልፕሮኤት ከሚወስዱት መካከል ካርኒቲናቸው ዝቅ ያለ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ጉበታቸው ደህና ነው። ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ግማሽ ያህሉን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አያይዞ ያወጣዋል፤ ሌላውን ሰፊ ድርሻ በማይቶኮንድሪያ ያቃጥለዋል፤ ጥቂቱን፣ አንድ አሥረኛ ያህሉን፣ ሳይቶክሮም የሚባሉ ኢንዛይሞች ይለውጡታል። በዚህ በሦስተኛው ጠባብ መንገድ ፎር-ኢን ቫልፕሮኤት የሚባል ተረፈ ምርት ይወጣል፤ ማይቶኮንድሪያን የሚመርዘው በዋናነት እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት ሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እነዚህን ኢንዛይሞች ስለሚያበረቱ ጠባቡ መንገድ ይሰፋል። አደጋው ብዙ መድኃኒት በሚደራረብላቸው ልጆች ላይ ለምን እንደሚብስ ይህ ያስረዳል።

የዘር ነገርም አለ። ፖልጂ የሚባል ጂን ማይቶኮንድሪያ የራሱን ዲኤንኤ የሚያባዛበትን ኢንዛይም ያዛል። በዚህ ጂን ላይ ጉድለት ያለበት ልጅ፣ ለምሳሌ አልፐርስ የሚባለው በሽታ ያለበት፣ ቫልፕሮኤት ሲሰጠው ጉበቱ በፍጥነት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች መድኃኒቱ ክልክል ነው። ሰውነት አሞኒያን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሚያስወግድበት የዩሪያ ዑደት ላይ በዘር የሚወረስ ጉድለት ላለባቸውም እንዲሁ። ጸሐፊው ስለነዚህ አንድም ቃል አላነሡም። ከወንድም ከእህቱ መካከል በሕፃንነቱ በጉበት በሽታ ወይም ባልታወቀ መንቀጥቀጥ የሞተ ያለበት ልጅ ወላጅ ይህንን ለሐኪም መንገር እንዳለበት ቢጽፉ ኖሮ፣ ከጠቅላላው ጽሑፍ የሚጠቅመው መስመር እሱ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ጥናቱ። ጸሐፊው «ካርኒቲን ከወሰዱት 48 በመቶ፣ ካልወሰዱት 10 በመቶ» የሚለውን ቁጥር ጠቅሰው ካርኒቲን ጉበትን ከመጎዳት እንደሚከላከል ማስረጃ አድርገውታል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በ2001 ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ግን የምን ቁጥር ነው? ጥናቱ የተመለከተው በቫልፕሮኤት ጉበታቸው ክፉኛ የተጎዳ፣ ሕመሙ የወጣባቸው 92 ሰዎችን ነው። 42ቱ ካርኒቲን ተሰጣቸው፣ 50ው ሌላውን የድጋፍ ሕክምና ብቻ አገኙ። ከመጀመሪያዎቹ 48 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 10 በመቶ በሕይወት ተረፉ። ስለ መከላከል የሚናገር አንድም ነገር የለበትም፤ ሁሉም ቀድሞውኑ የታመሙ ናቸው። ካርኒቲን ከተሰጣቸውም ከግማሽ በላይ ሞተዋል። ይህን ያነበበ ሰው «ካርኒቲን ይዣለሁ፣ ጉበቴ አይነካም» ሊል እንዴት ይችላል?

ሁለት ነገር ልጨምር። ሰዎቹ በዕጣ ተመድበው በቡድን የተከፈሉ አይደሉም፤ ጥናቱ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገብ ያየ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለካርኒቲን መስጠት አይቻልም። ሆኖም ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ፣ አማራጩም ጠባብ ስለሆነ፣ ሐኪሞች በእንዲህ ያለ ሁኔታ ካርኒቲን ይሰጣሉ፤ ትክክልም ነው እላለሁ። ሁለተኛው፣ በጥናቱ የተሻለ የተረፉት በሽታቸው ቀድሞ የታወቀላቸውና ካርኒቲኑ በደም ሥር የተሰጣቸው ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በከባድ ሕመም ጊዜ ሲጀመር በደም ሥር የሚሰጠው በኪሎ 100 ሚሊግራም ያህል፣ ቢበዛ እስከ 6 ግራም ነው። በአፍ ከሚዋጠው እንክብል ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስሙ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ አይደለም።

እንክብሉን ዝም ብሎ መውሰድ ልጆችን ይረዳ እንደሆነም ተሞክሯል። በ1994 በታተመ ጥናት የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ካርኒቲንና ምንም የሌለበት ማስመሰያ በየተራ ተሰጣቸው፤ ወላጅም ሐኪምም የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። በልጆቹ ንቃትና ደኅንነት ላይ የታየ ልዩነት አልነበረም። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጥናት አግኝተው ይህንን ማጣታቸው ይገርመኛል።

አሁን ስለ ጉበት ምርመራው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታ፤ ልጅ የሚያስሞት ስህተት አለበትና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአራት ዓመት ልጅ ይዛ የመጣች እናት ነበረች። «ሲስተር፣ ይሄ ልጅ እኮ ልጄ አይመስለኝም» አለችኝ። ምን ሆነ ስላት ማስረዳት ከበዳት። ከሁለት ቀን ወዲህ አንዴ አስመልሶታል፣ ቁርሱን እያኘከ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ የሚወደውን ኳስ ስታቀብለው ይዞት ዝም ይላል። ቫልፕሮኤቱ ከፍ ከተደረገለት ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። የጉበት ኢንዛይሙ ተሠርቶ ደህና ነው ተብሎ ከሌላ ቦታ ተመልሷል፤ ወረቀቱንም ይዛለች። እጄን ጨብጥ ስለው ጨበጠና ረስቶት ቀረ። ተረኛዋ ሐኪም አሞኒያ አዘዘች። የአሞኒያ ደም እንደ ሌላው ደም አይወሰድም፤ ክንዱን በገመድ ለረጅም ጊዜ ማሰር የለብንም፣ ብልቃጡ ወዲያው በረዶ ውስጥ ይገባል፣ ላብራቶሪ በሩጫ ይደርሳል። ከዘገየ ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል። በረዶውን ይዤ ደረጃውን ስወጣ አስታውሳለሁ። ውጤቱ ከመደበኛው በብዙ የበለጠ ነበር። የጉበት ኢንዛይሙ በድጋሚ ሲሠራም እንደ ፊቱ ደህና ነው።

እንዴት እንዲህ ይሆናል? አሞኒያን ወደ ዩሪያ የሚለውጠው ሥራ የሚጀምረው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም የሚነሣበት ኤን-አሴቲልግሉታሜት የሚባል ቀስቃሽ ያስፈልገዋል፤ ቫልፕሮኤት ደግሞ ይህ ቀስቃሽ እንዲያንስ ያደርጋል። የጉበት ሴል ሳይፈነዳ ሥራው ብቻ ሊደክም ይችላል። በተለምዶ የጉበት ምርመራ የምንለው በአብዛኛው ሴሉ ሲጎዳ የሚፈሱትን ኢንዛይሞች ነው የሚለካው። ስለዚህ ወረቀቱ ደህና፣ ልጁ ግን በአሞኒያ የደነዘዘ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው መድኃኒቱን በጀመሩ ብዙ ሰዎች ኢንዛይሙ ትንሽ ከፍ ብሎ በራሱ ይመለሳል፤ አሞኒያም ምንም ሳይሰማቸው ከፍ የሚልባቸው አሉ። ቁጥር ብቻውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ያታልላል።

ወላጅ ማወቅ ያለበት ምልክቱን ነው። ያልተለመደ መደንዘዝና ድካም፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የፊት ማበጥ፣ የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን፣ እና ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር፦ ቆሞ የነበረው መንቀጥቀጥ ያለምክንያት መመለስ። ከባዱ የጉበት ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ነው፤ ምልክቶቹም ከምርመራው ቀድመው ሊታዩ ይችላሉ። ያቺ እናት «ልጄ አይመስለኝም» ያለችው ከወረቀቱ የበለጠ ትክክል ነበር። ልጁ ቫልፕሮኤቱ ተነሥቶ ሌላ መድኃኒት ተተካለት፣ በደም ሥር ካርኒቲንም ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ኳሱን ጠየቀ። ሁለቱ አንድ ላይ ስለተደረጉለት ግን ያዳነው ካርኒቲኑ ነው ብዬ ይህን ልጅ ለማስረጃ አላቀርብም።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። ካርኒቲን በጥቅሉ ከባድ መርዝ አይደለም። ተቅማጥ ያመጣል፣ የሰውነትን ጠረን የዓሣ ጠረን ያደርገዋል፤ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ በዚህ ይሳቀቃል። በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ደግሞ በሚወስዱ ሰዎች መንቀጥቀጥ እንደታየ፣ ቀድሞ መንቀጥቀጥ የነበረባቸውም እንዳሉበት ተጽፏል። ስለ ሚጥል በሽታ እየጻፉ ይህን መተው ተገቢ አይደለም። ጸሐፊው አክለው «ቫይታሚኖችንም ደርቡበት» ማለታቸው የባሰ ነው። ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን በከፍተኛ መጠን ቢጀምር የፌኒቶይኑ መጠን በደም ውስጥ ወርዶ መንቀጥቀጡ ሊመለስ ይችላል። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ደግሞ ፎሊክ አሲድ ስለወሰደች ጽንሷ ከመድኃኒቱ አደጋ ነጻ አይሆንም፤ በማኅፀን ለቫልፕሮኤት ከተጋለጡ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማነጋገር አለባት።

ካርኒቲን በአፍ የሚታዘዝላቸው ልጆች አሉ፤ ይህን አልክድም። ከሁለት ዓመት በታች ሆነው ብዙ መድኃኒት የሚደራረብላቸው፣ በምግብ የተጎዱ፣ ኪቶጄኒክ በሚባለው ቅባት በበዛበት የሕክምና አመጋገብ ላይ ሆነው ካርኒቲናቸው የወረደ፣ አሞኒያቸው ከፍ ብሎ ምልክት ያሳዩ። ካርኒቲንን ወደ ሴል የሚያስገባው በር በዘር የተበላሸባቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያለሱ አይኖሩም። እነዚህ ልጆች የሚለዩት በሐኪም ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው በኪሏቸው ነው።

ጸሐፊው አደጋውን ለሁሉም እኩል አድርገው ማቅረባቸውም ሰውን ያለ አግባብ አስፈርቷል። በ1987 በታተመው የአሜሪካ ጥናት መሠረት ከሁለት ዓመት በታች ሆነው ቫልፕሮኤትን ከሌላ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት ከ500 አንዱ በጉበት ጉዳት ሞቷል። ቫልፕሮኤትን ብቻውን በወሰዱት ላይ በጠቅላላው ከ37,000 አንድ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖ ብቻውን ከወሰደ ሰው መካከል ደግሞ በዚያ ጥናት የሞተ አልተገኘም። በአንደኛውና በሁለተኛው ቁጥር መካከል ያለው ርቀት ሰማይና ምድር ነው። ዛሬ ሐኪሞች ለጨቅላ ሕፃናት ቫልፕሮኤትን ለማዘዝ የሚያመነቱት ከዚህ ተምረው ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ለዓመታት በደህና የወሰደው አባት ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት የለም።

የመጨረሻው ምክር፣ መድኃኒቱን በራስ መተው፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ቫልፕሮኤት በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ በርትቶ ሊመለስ፣ ሳያቋርጥም ሊቀጥል ይችላል። ከአምስት ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ አንጎልን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ከላይ ከቆጠርኳቸው ምልክቶች አንዱ የታየበት ልጅ ወላጅ ምንም ሳይቀይር በዚያኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይያዝ፣ መጠኑ መቼ እንደተቀየረ ይናገር፣ «አሞኒያስ ይታይለት ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ። መድኃኒቱ መነሣት ካለበት ሐኪሙ ሌላ ተክቶ፣ እያየው ያነሣዋል።

ሦስተኛዋ እናት ልጇ ሲያስመልሰው አየች፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ሽሮፑን አቆመች። በሦስተኛው ቀን እየተንቀጠቀጠ ተሸክማው ገባች፤ ለማስቆም ሁለት ዓይነት መርፌ ፈጅቷል። ደሙ ሁሉ ተሠራ። ጉበቱ ደህና፣ አሞኒያውም ደህና ነበር፤ ትውከቱ ያኔውኑ ያለፈ ተራ የሆድ ሕመም ነበር። መድኃኒቱ እንዲመለስለት ሲታዘዝ ሽሮፑን ራሷ ልትሰጠው ፈለገች። እጇ እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያውን መለኪያ አፈሰሰችው፤ ሁለተኛውን ጠርሙሱን ይዤላት ሞላችው።